ክዳኑን ሳነሳ ክሪስታሎቼ ይሰነጠቃሉ፣ ምን ላድርግ?

ክሪስታል ጠባቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፕሮቲኔ ከወራት ልፋት በኋላ ክሪስታል ሰጠኝ። የበቀለው 20 በመቶ አይሶፕሮፓኖል (አልኮል) ባለበት ፈሳሽ ነው፣ በተንጠልጣይ ጠብታ፦ ጠብታው ፈሳሽ ካለበት ጉድጓድ በላይ፣ ከመስታወት ክዳኑ ስር ይንጠለጠላል። በማይክሮስኮፕ ሳየው ጠርዙ ስል፣ እንከን የማይወጣለት ነው። ጣጣው የሚመጣው መስታወቱን ሳነሳ ነው። ጠብታው ውስጥ ያለው ሁሉ መሽከርከር ይጀምራል፣ ክሪስታሉ ከማንሻዋ ትንሽ ቀለበት፣ ከሉፑ፣ እየሸሸ ይዞራል፣ ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ሦስቱን እንዲህ አጣሁ። ሁለት ደህና ጠብታዎች ቀርተውኛል፤ ሳልነካቸው ምከሩኝ።

ቀዝቃዛ ክፍል፦
የሚያሽከረክረው አልኮሉ ነው እህቴ። ከጠብታው ላይ ሲተን የገጽ ውጥረቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ፈሳሹን ይጎትተዋል። መጠኑ ሲወርድ ደግሞ ክሪስታሉ የለመደው አካባቢ ይናጋል። ስለዚህ ሉፑ፣ ፈሳሽ ናይትሮጅኑ፣ ፒፔቱ ሁሉም እጅሽ ስር ሳይሆን ክዳን እንዳትከፍቺ። እንደከፈትሽ ከጉድጓዱ የታችኛው ፈሳሽ 5 ማይክሮሊትር ያህል ጠብታው ላይ ጨምሪ፤ ትንፋሽ የምትወስጂበት ጊዜ ይሰጥሻል። 4 ዲግሪ ላይ መሥራት ትነቱን በደንብ ይቀንሰዋል፣ ግን በክፍል ሙቀት የበቀለን ክሪስታል በድንገት ማቀዝቀዝም ሊጎዳው ይችላል።

ሉፕ በእጄ፦
በተባለው እስማማለሁ፣ እኔ ግን አልኮሉን ቶሎ በማይተን ሌላ አልኮል፣ በኤምፒዲ፣ ብትተኪው እመርጣለሁ። አይሶፕሮፓኖል የሚፈላው 82 ዲግሪ ላይ ነው፣ ኤምፒዲ ግን 197 አካባቢ፤ ጠብታው ላይ ረግቶ ይቀመጥልሻል። መጠኑ ከበቃ ናይትሮጅን ውስጥ ስትከቺውም በረዶ እንዳይሠራ ይከላከላል። ብቻ በአንዴ አታድርጊው። 5 በመቶ፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 20 እያልሽ፣ በየመሃሉ ጥቂት ደቂቃ እየጠበቅሽ። ሁሉም ፕሮቲን ኤምፒዲ አይወድም፣ ስለዚህ መጀመሪያ የተሰነጠቁት ላይ ሞክሪው። ካሟሟቸው ደህናዎቹን አድነሻል ማለት ነው።

ቀዝቃዛ ክፍል፦
ልክ ነው፣ የተሰነጠቁትን እንዳትጥያቸው። ለሚቀጥለው ደግሞ ተቀማጭ ጠብታ (ሳይንጠለጠል መደገፊያ ላይ የሚቀመጥ) ይሻልሻል፤ አልኮል የገጽ ውጥረትን ስለሚቀንስ ተንጠልጣይ ጠብታ መስታወቱ ላይ ይንጣለላል። ፒፔት ስታደርጊም ጫፉን በዚያው ፈሳሽ ሁለት ሦስቴ አጥቢው፣ አለዚያ ተኑ እየገፋ ያንጠባጥብብሻል። አሴቶን ልሞክር ካልሽ ሳህንሽ ፖሊስታይሪን የሚባለው ፕላስቲክ አለመሆኑን እዪ፣ ይበላዋል።

ክሪስታል ጠባቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የተሰነጠቁት አሁንም ጉድጓዳቸው ውስጥ ናቸው፣ መልሼ ዘግቻቸው ነበር። ነገ ጠዋት በ5 በመቶ ኤምፒዲ ከእነሱ እጀምራለሁ። ሁለቱ እንደተዘጉ ይቆያሉ።