የጋራዤ በር ሞተር ይዞራል በሩ ግን አይነሳም፣ እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ፣ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ ቤቱን ስንገዛ አብሮ የመጣ በሰንሰለት የሚሰራ የጋራዥ በር መክፈቻ አለን፣ ግማሽ ሆርስ ፓወር ነው ላዩ ላይ 1998 ይላል። ከሰኞ ጀምሮ ሪሞቱን ስጫነው መብራቱ ይበራል ሞተሩም ይጮሃል ሰንሰለቱ ግን ንቅንቅ አይልም።

መጀመሪያ ሴንሰሩ መስሎኝ ከታች ያሉትን፣ በሩ ስር ሰው ወይም እቃ መኖሩን የሚያዩትን ሁለቱን አይኖች ወለወልኳቸው፣ ለካ እነሱ የሚከለክሉት ሲዘጋ እንጂ ሲከፈት አይደለም። በሩን ከሞተሩ የሚያላቅቀውን ቀዩን ገመድ ስቤ በእጄ ሳነሳው በሩ ቀላል ነው ግማሽ ላይ ስለቀውም እዛው ይቆማል፣ ስለዚህ የበሩን ክብደት የሚሸከመው ስፕሪንግ ደህና ይመስለኛል (እሱን አልነካሁትም፣ ተወጥሮ ስላለ አደገኛ ነው)። ከዛ ከሶኬት ነቅዬ ክዳኑን ስከፍተው ውስጡ ነጭ የፕላስቲክ ፍርፋሪ ከግሪስ ጋር ተለውሶ አገኘሁ፣ የትልቁ ጊር ጥርስ ባንድ በኩል ሙልጭ ብሎ አልቋል።

የጠራሁት ባለሙያ ክዳኑን እንኳን ሳይከፍት ሙሉውን ቀይር አለኝ፣ አላመንኩትም። ጊሩን ብቻ ብቀይር የሚያዋጣ ይመስላችኋል ወይስ እድሜው ስለሄደ ነገ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱም ተበላሽቶ ይከተላል? ደግሞ እናቴ የምትተኛው ከጋራዡ በላይ ባለው ክፍል ነው፣ እኔ ከስራ ሌሊት 9 ሰዓት ስገባ በሰንሰለቱ ጩኸት ትነቃለች፣ ስለሷ ስል በቀበቶ የሚሰራውን ልግዛ እያልኩ ነው። ራሳችሁ የገጠማችሁ ካላችሁ ለአንድ ሰው ይከብዳል? የድሮውን የሴንሰር ሽቦስ መጠቀም ይቻላል?