የጉዞ መመሪያ መጽሐፍ መጻፍ ልፋቱን የሚመጥን ገቢ አለው?

መንገደኛ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለመጽሔቶች የጉዞ ጽሑፎችን በማቅረብ የምተዳደር ጸሐፊ ነኝ። በቅርቡ አንድ አሳታሚ ቀደም ሲል ያወጣውን የጉዞ መመሪያ መጽሐፍ አንድ ሰፊ ክፍል እንዳድስለት ጠይቆኛል። ክፍያው በቁርጥ የተወሰነ ሲሆን የአውሮፕላን ቲኬቱ፣ ማደሪያው፣ ምግቡና መጓጓዣው ሁሉ የሚሸፈነው ከዚያው ገንዘብ ነው፤ የጽሑፉ የቅጂ መብትም ሙሉ በሙሉ ለአሳታሚው ይተላለፋል። ድምሩ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ወጪው ሲቀነስ ምን እንደሚቀረኝ ግን በቅጡ ማስላት አልቻልኩም። ሥራውን ከልብ እፈልገዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ከብዕሬ ሌላ መተዳደሪያ ስለሌለኝ በፍላጎት ብቻ ልፈርም አልችልም። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ሰዎች ምን ትመክሩኛላችሁ?

ነባር ጸሐፊ፦
የክፍያውን ድምር ለጊዜው ይተዉትና ለአንድ የሥራ ቀን ስንት እንደሚደርስዎ ያስሉ። ለምሳሌ ክፍያው 100 ነው እንበል፤ ለጉዞው 45 ቢወጣ 55 ይቀራል። አብዛኛው ጀማሪ ይህን 55 በመንገድ ላይ በሚያሳልፋቸው ቀናት ብቻ ያካፍለዋል። ነገር ግን 30 ቀን የተጓዘ ሰው ማስታወሻውን አጥርቶ፣ የመክፈቻ ሰዓቶችንና የመግቢያ ዋጋዎችን እንደገና አጣርቶ፣ በካርታው ላይ እያንዳንዱን ቦታ አመልክቶ፣ ጽሑፉንም በተፈቀደለት የቃላት ብዛት ልክ ቆርጦ እስኪያስረክብ ድረስ ሌላ 45 ቀን ቢፈጅበት የሚገርም አይደለም። ስለዚህ 55 የሚካፈለው ለ75 ነው፤ የቀን ገቢውም መጀመሪያ ከታሰበው ከግማሽ በታች ይሆናል። ካስረከቡ በኋላ ከአርታኢው የሚመጡ ጥያቄዎችም አሉ፤ እነሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደርሱት ሌላ ሥራ ከጀመሩ በኋላ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ «ማደስ» የተባለው ነገር ነው። የማደስ ክፍያ ከአዲስ ጽሑፍ ክፍያ ያነሰ የሚሆነው አብዛኛው ነባር ይዘት እንዳለ ይቀጥላል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። የቀድሞው እትም ካረጀ ግን ማደሪያዎቹ ተዘግተው፣ መንገዶቹ ተለውጠው፣ የአውቶቡስ መነሻዎቹ ሳይቀሩ ቦታ ቀይረው ይጠብቁዎታል። ያኔ አዲስ መጽሐፍ እየጻፉ የሚከፈልዎ የእድሳት ዋጋ ይሆናል። የመጨረሻው እትም መረጃ በየትኛው ዓመት እንደተሰበሰበ ይጠይቁ፤ የታተመበትን ዓመት ብቻ አይመልከቱ፣ በሁለቱ መካከል ረጅም ጊዜ ሊኖር ይችላልና።

አርታኢ፦
እኔ በአሳታሚ በኩል ያለውን ላስረዳ። ቀድሞ የተለመደው ከሽያጩ ድርሻ የሚያስገኘው የሮያሊቲ ውል ነበር፤ በኋላ ግን ብዙ አሳታሚዎች ወደ ቁርጥ ክፍያ ዞረዋል። የሮያሊቲ ውል የግድ ይሻላል ማለት አይደለም፤ ደራሲው አስቀድሞ የተቀበለው ቅድመ ክፍያ ከድርሻው ተቀንሶ እስኪያልቅ ድረስ ተጨማሪ ገንዘብ አያገኝም፤ የጉዞ መመሪያ ደግሞ መረጃው ቶሎ ስለሚያረጅ ሽያጩ ብዙ ዓመት አይዘልቅም። የቁርጥ ክፍያ ጥቅሙ መጽሐፉ ባይሸጥ እንኳ ኪሳራው የአሳታሚው መሆኑ ነው።

አሳታሚዎች ስለምን እንደሚቆጥቡም መረዳት ያስፈልጋል። የቢቢሲ የንግድ ክንፍ እ.ኤ.አ. በ2007 የጉዞ መመሪያ አሳታሚ የሆነውን የሎንሊ ፕላኔትን 75 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ ቀሪውን ድርሻ በድምሩ ወደ 130 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ገንዘብ ገዝቶ፣ በ2013 የሸጠው በ51.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ጉግልም በ2012 ፍሮመርስ የተባለውን የጉዞ መመሪያ መጻሕፍት ስም ገዝቶ በማግስቱ ዓመት ለመሥራቹ ለአርተር ፍሮመር መልሶ ሸጦለታል። ነፃ መረጃ በኢንተርኔት በበዛበት ጊዜ የታተመ መመሪያ ትርፍ ጠብቧል፤ የዚህም ጫና በመጨረሻ የሚያርፈው በጸሐፊው ክፍያ ላይ ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ ብቸኛ መተዳደሪያ እንዲያደርጉት አልመክርም። ከፈረሙም ክፍያው በፊርማ፣ በርክክብና ጽሑፉ ተቀባይነት ባገኘበት ጊዜ ተከፋፍሎ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ የመጀመሪያው ክፍል የጉዞውን ወጪ ካልሸፈነ፣ አሳታሚውን በራስዎ ገንዘብ ማበደርዎ ነው።

ካርታ፦
ከላይ የተባለው ሁሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ስሌቱ ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። ከክፍያው ትልቁን የሚበላው ጉዞና ማደሪያ ስለሆነ፣ በሚጽፍበት አካባቢ የሚኖር ወይም ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ከሚመጣው እጅግ የተሻለ ያተርፋል። አሳታሚዎችም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው ብራድት መጽሐፉን የጻፈውን ሰው ስም በሽፋኑ ላይ ያወጣል፤ እንዲህ ያለው ስም ለቀጣይ ሥራ መግቢያ ይሆናል።

የቅጂ መብቱ የሚተላለፈው የጻፉት ጽሑፍ ነው፤ ያዩትና የተረዱት ነገር ከእርስዎ ጋር ይቀራል። ከአንዱ ጉዞ ለመጽሔት የሚሆኑ ጽሑፎችን በሌላ አቀራረብ መጻፍ ይቻላል፤ ውሉ ይህን የሚከለክል አንቀጽ እንዳለው ግን በጥንቃቄ ያንብቡ። ማደሪያዎች በነፃ እንዲያሳድሩዎ በመጠየቅ ወጪ ለመቀነስም አያስቡ። ታላላቆቹ አሳታሚዎች ለመልካም አስተያየት ምትክ የሚሰጥን ነገር መቀበል ይከለክላሉ፤ መከልከላቸውም ትክክል ነው፤ አንባቢው ገንዘቡን የሚያወጣው ያልተገዛ ምስክርነት ለማግኘት ነው።

መንገደኛ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። አሳታሚውን ጠየቅኩት፤ የቀድሞው መረጃ የተሰበሰበው ከኮሮና ወረርሽኝ በፊት እንደሆነ ነገረኝ። ክፍያውም የሚሰጠው ከርክክብ በኋላ በአንድ ጊዜ ነው። ቋንቋውን ግን አውቃለሁ፤ ዘመድ ቤት ማረፍም እችላለሁ።

ነባር ጸሐፊ፦
ከወረርሽኙ በፊት ከሆነ እድሳት ሊባል አይችልም፤ በዚያን ጊዜ ስንት ማደሪያና አስጎብኚ ድርጅት እንደተዘጋ አሳታሚው ራሱ ያውቃል። ክፍያው በአዲስ ጽሑፍ ደረጃ እንዲሰላና ቢያንስ የጉዞው ወጪ በፊርማ ጊዜ እንዲሰጥዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከሁለቱ አንዱን እንኳ ካልተቀበለ፣ የዘመድ ቤቱ ቢኖርም አይፈርሙ፤ በማረፊያ የሚያተርፉት ገንዘብ የእርስዎ ትርፍ እንጂ የአሳታሚው ቅናሽ መሆን የለበትም።