ዚርኮኒያ ክራውን ሁለቴ ወለቀብኝ፤ ሴመንት ልቀይር?

ጠያቂ (ጅማ)
ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ አንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ከተመረቅኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የታች መንጋጋ ጥርስ ላይ የሠራሁት ዚርኮኒያ ክራውን (ከጠንካራ ሴራሚክ የተሠራ የጥርስ ሽፋን) በአምስት ወር ሁለቴ ወለቀ። መጀመሪያ ታካሚዋ ቆሎ ስትበላ፣ አሁን ደግሞ በዳቦ! በሶፍት ጠቅልላ አመጣችውና «ዶክተር፣ ይሄ ነገር ጠልቶኛል መሰለኝ» አለችኝ። አፈርኩ።

መጀመሪያ በግላስ አዮኖመር ሴመንት (ማጣበቂያ)፣ ሁለተኛ ጊዜ በሬዚን ሴመንት ነው የለጠፍኩት። በሁለተኛው ጊዜ የክራውኑን ውስጥ በፎስፎሪክ አሲድ አጽድቼ፣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ፕራይመርም (ሴመንቱ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባ ፈሳሽ) ቀብቼ ነበር። የተሞረደው ጥርስ ቁመት 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ሌላ ውድ ሴመንት ከአዲስ አበባ ላስመጣ?

ነጭ ጋውን
ገንዘብሽን ያዥ እህቴ። መጀመሪያ ሴመንቱ የት እንደቀረ ንገሪኝ። ክራውኑ ውስጥ ነው ወይስ ጥርሱ ላይ?

ጠያቂ
አሁን መብራት ስር አየሁት። የክራውኑ ውስጥ ልሙጥ ነው፣ ምንም የለበትም። ሴመንቱ እንዳለ ጥርሱ ላይ ነው።

ነጭ ጋውን
በቃ፣ ጥርሱን ይዟል፤ የለቀቀው ዚርኮኒያውን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ክራውኑን አፍ ውስጥ ስትለኪው ምራቅ ይነካዋል። ምራቅ ውስጥ ያለው ፎስፌት ዚርኮኒያ ላይ ጥብቅ ይላል፣ በውሃ ብቻ አይለቅም። ኤምዲፒ (ከዚርኮኒያ ጋር የሚያያዝ ኬሚካል) ያለው ፕራይመር ደግሞ የሚይዘው እዚያው ቦታ ላይ ነው። አንቺ ላጽዳ ብለሽ የጨመርሽው ፎስፎሪክ አሲድም ያው ፎስፌት ነው፤ ቦታውን ይባስ ያዘብሽ። አሲዱ ለኢናሜል (ለጥርሱ የላይ ሽፋን) ይሁን፣ ዚርኮኒያ ውስጥ አታስገቢው።

ከለካሽው በኋላ ውስጡን በ50 ማይክሮን አሉሚና (ደቃቅ አሸዋ መሳይ ዱቄት)፣ ከ1 እስከ 2 ባር በሆነ ግፊት አስነፊው። መንፊያ ከሌለሽ አይቮክሊንን የመሰለ ማጽጃ ለ20 ሰከንድ ቀብተሽ፣ በደንብ አጥበሽ፣ አድርቂው። ከዚያ ፕራይመር፣ ከዚያ ሴመንት። በመሀል ጣትሽን እንዳታስገቢ!

የላብ ሰው
እኔ ክራውን የሚሠራበት ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። አደራ፣ ግፊት አትጨምሩ፤ ጠርዙ ሲሸረፍ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ደግሞ ክራውኑ ከላብ ተነፍቶ ቢመጣም ምራቅ ከነካው እንደገና መጽዳት አለበት። ይሄን የሚረሳ ሐኪም ብዙ ነው፣ ከዚያ ወቀሳው ወደኛ።

ታካሚ ነኝ
የእናቴ ሲወልቅ እኛ በሱፐር ግሉ መለስነው። ያዘ እኮ!

ነጭ ጋውን
ኧረ በፈጣሪ! ትንሽ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ንክሻዋ ይበላሻል፤ ድዷንም ያቃጥላል። ሐኪም ጋ ውሰዳት።

ነባር ሐኪም
ስለ ቁመቱ ማንም አላነሳም። ለመንጋጋ ጥርስ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ይፈለጋል። ግድግዳዎቹም ወደ ላይ ብዙ ከጠበቡ ክራውኑ እንደ ቆብ ይወልቃል። የመጀመሪያው የወለቀው በዚህ ይመስለኛል፤ ቅርጹ ጥሩ ሲሆን ግላስ አዮኖመርም ዚርኮኒያን ይዞ ይኖራል። እኛ በዚንክ ፎስፌት ነበር የምንለጥፈው፣ እሱ ደግሞ ከምንም ጋር በኬሚካል አይያያዝም፤ ቅርጹ ነበር የሚይዘው። በነገራችን ላይ ጅማ ሠርቻለሁ። በክረምት ሴመንቱን የምናቦካበት የቀዘቀዘው መስታወት ላይ ጤዛ ይቋጥርና ሴመንቱ ሳንጨርስ ይደርቅብን ነበር።

ለአሁኑ በጽዳቱ ሞክሪ። ከወለቀ ግን ጎንና ጎኑ ላይ ቦይ አውጪለት ወይም ድዱን ዝቅ አስደርጊ፤ ያኔ አዲስ ልኬትና አዲስ ክራውን ነው።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። ጥርሱ ላይ የቀረውንስ በምን ላንሳው? ለጊዜው ዩጂኖል (የቅርንፉድ ዘይት ንጥረ ነገር) ባለበት ማጣበቂያ ላስቀምጥላት አስቤ ነበር።

ነባር ሐኪም
ዩጂኖል ተዪ፣ ሬዚኑን እንዳይጠነክር ያደርገዋል። ዩጂኖል የሌለበት ተጠቀሚ። የቀረውን በስኬለር (በመፋቂያው) አንሺና በፑሚስ ዱቄትና በውሃ እሺው። ዘይት ያለበት ማለስለሻ እንዳይሆን።

ጠያቂ
መንፊያ ያለው ላብ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ አገኘሁ። ዓርብ እለካዋለሁ፣ ቅዳሜ ተነፍቶ ይመጣል፣ ያኔውኑ እለጥፋለሁ። ታካሚዋ «ቆሎስ?» ብላኛለች። ለጊዜው በሌላኛው በኩል ብያታለሁ።