ልዑል ዓለማየሁ የተማረበት ራግቢ፣ ኑሮው እንዴት ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ እንግሊዝ ውስጥ ራግቢ በሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ተምሯል ሲባል ሰማሁ። ያ ራግቢ የሚባለው የኳስ ጨዋታ የወጣበት ነው አይደል? ልጆቹስ እንዴት ነው የሚኖሩት?

መልስ 1፦ እሱው ነው። ሎረንስ ሸሪፍ የሚባል የለንደን ነጋዴ ነው በ1567 ያቋቋመው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ዓለማየሁ መጀመሪያ ቼልተንሃም ነበር፤ የዚያ ርዕሰ መምህር ጄክስ ብሌክ በ1874 ራግቢ ሲሾም ልጁም አብሮት ሄደ። ጨዋታው የተጀመረው ዌብ ኤሊስ የሚባል ተማሪ በ1823 ኳሷን ታቅፎ ሲሮጥ ነው የሚባለው ግን ማስረጃው የሳሳ ወሬ ነው። የጨዋታውን ደንብ በ1845 የጻፉት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

መልስ 2፦ ኑሮው ሁሉ «ሀውስ» በሚሏቸው ቤቶች ነው፤ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይተኛል፣ ኳሱንም አንዱ ቤት ከሌላው ቤት ጋር ነው የሚፋለመው። ድሮ ደግሞ ትንንሾቹ የትልልቆቹ አሽከር ነበሩ። ዳቦ እሳት ላይ ይጠብሳሉ፣ ክፍል ያጸዳሉ፣ ሲጠሩ እየሮጡ ከች ነው። የንጉሥ ልጅ እዚያ መሃል ሲገባ አስቡት እንግዲህ!

መልስ 3፦ እሱ እንኳን ቀርቷል። አሁን ሴቶችም ይማራሉ። ክፍያው ግን አይቀመስም፣ ልጅህን ለመላክ አስበህ ከሆነ መጀመሪያ ነጻ የትምህርት ዕድል ፈልግ።