«ቡአለ»ን «የበጋ በረት» ማለት ይሄዳል?

ጥያቄ፦ ስለ አየርላንድ ከብት አረባብ በምተረጉመው ጽሑፍ «ቡአለ» የሚል የአይሪሽ ቃል አለ። «የበጋ በረት» ብለው ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ሁለቱም ቃል ያሳስታል። እኛ በጋ ስንል ደረቁ ወቅት ነው የሚመጣብን። እነሱ ግን ድሮ ከብት ወደ ተራራ የሚያወጡት በሜይ 1 ገደማ (ሚያዝያ 23)፣ የሚያወርዱት በኖቬምበር 1 ገደማ (ጥቅምት 22) ነበር። በረት ደግሞ ማደሪያው ብቻ ነው። ቡአለ ግጦሹንም፣ በድንጋይና በሣራማ ጓል የተሠራችውን ጎጆም ይይዛል። እዚያ የሚሰነብቱት በአብዛኛው ልጃገረዶች ነበሩ፤ ያልባሉ፣ ይንጣሉ፣ ቅቤ ያወጡ ነበር። ማውጣቱ ለሣር ብቻ እንዳይመስልህ፦ የሰፈሩ ማሳ አጥር ስላልነበረው ከብቱ ቤት ከከረመ አጃውንና ድንቹን ይጨርሰው ነበር።

ሌላ አባል፦ የቦረና «ፎራ» (ከብት ከሰፈር ርቆ የሚሰማራበት) አይቀርበውም?

መልስ፦ መራቁ ይመሳሰላል። ፎራ የሚወጣው ግን በዋናነት የማይታለበው ነው፤ የምትታለበው ለቤተሰቡ ትቀራለች። ቡአለ ላይ ተፈላጊዋ የምትታለበዋ ነበረች፤ ያለ እሷ ቅቤ ከየት ይመጣል? እኔ ብሆን «የተራራ ግጦሽ ሰፈር» ብዬ አንዴ እፈታውና ከዚያ በኋላ ቡአለ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሌላ አባል፦ በአይሪሽ «ቦ» ላም ናት፤ «ቡአኸል» በሚለው ቃል ውስጥም አለች። ዛሬ «ወንድ ልጅ» ነው፣ ጥንት ግን «ላም ጠባቂ» ነበር፤ በድሮ ጽሑፍ «እረኛ» በሉት። የእንግሊዝኛው «ቦይ» ከዚህ መጣ የሚሉ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዙት። «ቦሀር» (መንገድ) ውስጥም ላሟ አለች። ከ1,000 ዓመት በፊት የተጻፈ ፍቺ ስፋቱን በላም ይለካል፦ አንዷ በቁመቷ፣ አንዷ በአግድም ቆመው ጥጆቻቸው አብረው የሚያልፉበት። ጥጃው ከኋላ ከቀረ ቀጥላ የምትመጣው ላም ትወጋዋለችና።

ጥያቄ፦ «ቡአረኽ»ስ?

መልስ፦ ስትታለብ የኋላ እግሯ የሚታሰርበት አጭር ገመድ። ከፀጉር ይገመዳል፤ አንዱ ጫፍ ቀለበት፣ ሌላው ትንሽ እንጨት አለው። ከቋንጃዋ በላይ በሁለቱ እግሮች መሀል ተጠላልፎ ይዞርና እንጨቱ በቀለበቱ ይገባል። ከላላ ወደ ታች ይንሸራተትና ማለቢያውን በርግጫ ትደፋዋለች። «ጠፍር» አትበለው፣ ጠፍር ቆዳ ነው።

«ኑስ» ካጋጠመህ ግን አትጨነቅ፦ እንገር ነው፣ ቁርጥ ያለ አቻ። እነሱም እንደኛ እሳት ላይ ጥደው ያረጉት ነበር።