«ደላላ እንኳን ቤቱን ያያል»

ፍቅሩ ዘታቦር፦ ጎበዝ ትናንት ማታ እዚህ ግሩፕ የተለቀቀውን ቮይስ የሰማ አለ? «አፊሊየት ማለት ደላላ ነው፣ ጉግል ደላላውን ከመንገድ አነሳልን፣ አበጀ» ነው የሚለው። ስለ እቃ ጽፈን፣ በሊንካችን ገብቶ የገዛ ሲኖር ከሻጩ ኮሚሽን የምንቀበለውን እኛን ነው እኮ። እኔ ሶስት አመት ሙሉ ሌሊት እየተነሳሁ መብራት ሲሄድ በስልክ ዳታ እየጻፍኩ ያቆምኩት ሳይት ነው፣ ጉግል ፍለጋው ላይ ወደ ታች ጥሎት ትራፊኩ፣ ጎብኚው ማለቴ ነው፣ ቀነሰ። እሺ ደላላ ልባል፣ ደላላ ምን አጠፋ? ገዢና ሻጭ አገናኝቶ ኮሚሽኑን መቀበል ሀጢያት ሆነ እንዴ?

ሊሊ ኤስኢኦ፦ ደላላውን ነው የሰደበው ባይ ነኝ። ደላላ እንኳን ቤቱን ያያል። አንተ የጻፍክበትን የቡና መፍጫ በአይንህ አይተኸዋል?

ፍቅሩ ዘታቦር፦ የገዙ ሰዎች የጻፉትን መቶ ምናምን አስተያየት አንድ በአንድ አንብቤ ነው የጻፍኩት። ያ ስራ አይደለም?

ሊሊ ኤስኢኦ፦ ስራማ ነው። ጽሁፉ ላይ ግን «ሁለት ሳምንት ሞከርኩት፣ ድምጹ ትንሽ ይረብሻል» ነው ያልከው። ሊንኩን እዚሁ ግሩፕ አስተያየት ስጡኝ ብለህ የላክከው ራስህ ነህ። እናንተ ቤት ቡና ጠጥቼ አውቃለሁ፣ እማማ በሙቀጫ ነው የሚወቅጡት። የረበሸህ የማን ድምጽ ነው፣ የዘነዘናው?

ባጃጅ 14፦ ሃሃሃሃ ዘነዘናውን አፊሊየት አድርገው

የሐይቅ ዳር፦ ቆይ እንለይ እንጂ ዝም ብሎ መሳቅ ምንድነው። ጉግል ማርች 2024 ላይ የከለከለው ሶስት ነገር ነው። በጅምላ የሚመረት ጽሁፍ፣ ኤአይ ይጻፈው ሰው ይጻፈው ለውጥ የለውም። ባለቤቱ የተወውን ዶሜይን፣ የሳይት አድራሻ ማለት ነው፣ ገዝቶ በድሮ ስሙ መነገድ። ስም ባለው ሳይት ላይ የራስን ጽሁፍ አስለጥፎ፣ በሱ ጀርባ ታዝሎ ፍለጋው ላይ ከላይ መውጣት። አፊሊየት አትስሩ የሚል የትም የለም፣ ሊንኩ ላይ ስፖንሰርድ፣ ማለትም የሚከፈልበት ነው፣ የሚል ምልክት አድርጉበት ነው ከ2019 ጀምሮ የሚባለው። ስለ እቃ ለሚጽፍ ደግሞ ገና በ2021 እኮ በእጅህ እንደያዝከው የሚያሳይ ነገር አምጣ ብለዋል።

ፍቅሩ ዘታቦር፦ በእጄ ልያዘው? አንዱ መፍጫ 200 ዶላር ነው፣ ከዛ ማጓጓዣ፣ ከዛ ቀረጥ። ሀዋሳ ተቀምጬ አስሩን አስመጥቼ ላወዳድር? ህጉ የወጣው ለካሊፎርኒያ ልጅ ነው በሉኛ።

ሊሊ ኤስኢኦ፦ ካልያዝከው ያልያዝክ ሆነህ ጻፋ። «ገዢዎች እንዲህ ይላሉ» ብትል ማን ያንቅሃል?

ፍቅሩ ዘታቦር፦ አሁን ቡና መፍጫ ብለሽ እንግሊዝኛ ጉግል ላይ ፈልጊ፣ ከላይ ሬዲት ነው የሚመጣልሽ፣ ያ ማንም ገብቶ የሚያወራበት ሳይት። ፎቶ የሌለው ስም የሌለው ሰው «ይሄ ምርጥ ነው» ብሎ ሄዷል። እሱ ቤቱን አይቷል?

ባጃጅ 14፦ እኔ ምለው ትራፊክ ቀነሰብን ስትሉ ደስ ብሎኝ ነበር የገባሁት፣ ለካ የእናንተው ትራፊክ ሌላ ነው። የኛው ዛሬም አሮጌው መናኸሪያ ጋ ቆሟል። እና ደግሞ ሊሊ፣ ደላላ ቤቱን ያያል ያልሽው ከየት አገር ነው? እኔን ታቦር ተራራ ስር ቤት ያሳየኝ ደላላ ቁልፉን ረስቶ በአጥር ነው ያሳየኝ። ውሃ 24 ሰዓት አለ አለኝ፣ ገብቼ ሳየው በሳምንት አንዴ ነው።

ሊሊ ኤስኢኦ፦ በአጥርም ቢሆን አይቷል።

ፍቅሩ ዘታቦር፦ 24 ሰዓት ካላችሁ አይቀር፣ አማዞን ላይ በኔ ሊንክ የገባ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እቃውን ካርት፣ የመግዣ ቅርጫቱ ማለት ነው፣ ውስጥ ካልከተተ ኮሚሽን የለኝም። ኤፕሪል 2020 ላይ የቤት እቃውን ከ8 በመቶ ወደ 3 አወረዱት፣ ኮሮና መሀል። ቤቱን ዛሬ አሳይቼ ሰውየው ከነገ ወዲያ ቢገዛ 2 ፐርሰንቴን እተዋለሁ የሚል ደላላ ፒያሳ ላይ አንድ አምጡልኝ። ደላላማ ብሆን በምን እድሌ።

ጋሽ ሞኖፖል፦ ልጆች ቮይሱን የላክሁት እኔ ነኝ፣ በዞረ መንገድ አትሂዱ። አሁንም እላለሁ። እቃ ልገዛ ስፈልግ አስር ገጽ ከፍቼ አስሩም አንድ አይነት ነው፣ አስሩም ምርጥ ይላል፣ መጥፎ እቃ በዚህ አለም የለም እንዴ? ጉግል ራሱ ያንን የማይረባውን 45 በመቶ ቀነስኩ ብሏል፣ እኔ አበጀ አልኩ። ምን አጠፋሁ።

የሐይቅ ዳር፦ ጋሼ በእርስዎ አልፈርድም፣ ግን 45 የሚለውን ቆጣሪውም ተቆጣጣሪውም ጉግል ነው። ደግሞ ከሜይ 2024 ወዲህ አሜሪካ ላይ መልሱን በኤአይ ራሱ ከላይ ጽፎ የጻፈውን ሰው ሊንክ ጥጉ ላይ ነው የሚለጥፈው። ገዢው ሳይገባ ይሄዳል። አሞራ ገደል ዓሳ ገበያ ዓሳ አጥማጁ አጽድቶ የሚጥለውን የሚጠብቁትን አባ ኮዳዎች አይተዋል አይደል፣ እኛ እንደዛ ነው የሆንነው፣ አሁን ደግሞ አንጀቱንም ራሱ ይዞት ሄደ።

ጋሽ ሞኖፖል፦ ታዲያ አባ ኮዳ በርሮ ሌላ ቦታ ይሄዳል እንጂ ዓሳ አጥማጁን ይከሳል?

ፍቅሩ ዘታቦር፦ የት ልብረር ጋሼ? ቴሌግራም? ቻናሌ ላይ ያለው የኛው ሰው ነው፣ አማዞን ላይ በምን ካርድ ይግዛ? ፒንተረስት ጀምሬያለሁ፣ እዛ ደግሞ ፎቶ ይፈልጋሉ።

ሊሊ ኤስኢኦ፦ ይኸው፣ ዞሮ ዞሮ ፎቶ። እቃውን ካላየኸው ምኑን ታነሳለህ?

ባጃጅ 14፦ በአጥር ያንሳው

አድሚን፦ ባጃጅ በቃ። ሊሊም የሰው እናት ቤት ምን እንዳለ ግሩፕ ላይ ባይወጣ።

ሊሊ ኤስኢኦ፦ እማማን እኮ አመሰገንኩ እንጂ ምን አልኩ? ከየትኛውም ማሽን የሳቸው ሙቀጫ ይሻላል። ስለሱ ቢጽፍ የሚደርስበት የለም።

ፍቅሩ ዘታቦር፦ ሙቀጫ አማዞን ላይ ስንት ኮሚሽን እንዳለው ታውቂያለሽ?

ጋሽ ሞኖፖል፦ ፍቅሩ፣ ሱቄ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሰራ መፍጫ አለ። ወስደህ ሁለት ሳምንት ሞክረው፣ ፎቶውንም አንሳ፣ ከዛ ጻፍ። ገንዘብ አልልህም።

ፍቅሩ ዘታቦር፦ አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ግን እሱ ተራ የቻይና ነው፣ ወር አይቆይም።

ሊሊ ኤስኢኦ፦ አይተኸዋል?