ለጥቅምት ሽርሽር ከአዲስ አበባ ብዙ ሳንርቅ የት እንሂድ?

የቱሉ ዲምቱ አባወራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ልጆቹ ክረምቱን ሙሉ በመስኮት ጭቃ ሲያዩ ከርመዋል፣ አንዱ 9 ሌላኛዋ 5 ዓመቷ ነው። ጥቅምት ላይ ሁለት ቀን ይዣቸው መውጣት አስቤ ነበር ግን ቤቱ ሊስማማ አልቻለም። ባለቤቴ ሐይቅ ትላለች። ትልቁ ልጅ ጭላዳ ዝንጀሮ ካላየሁ ብሏል። እናቴ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሌለበት ቦታ ምን ልሠራ እሄዳለሁ ትላለች። ጉልበቷን ያማታል፣ ጽጌንም ትጾማለች። እኔ የምፈልገው እንቅልፍ ነው፣ እሱን ማንም አልጠየቀኝም።

መኪናችን ቪትዝ ናት። ዓምና ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ፣ ኢሬቻ መሆኑን ዘንግቼ፣ ቢሾፍቱ ይዣቸው ሄጄ ግማሹን ቀን መንገድ ላይ ቆመን ዋልን። በስንት መከራ ስሙን የማልጠራው መዝናኛ ስንደርስ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው ተባልን። የቋጠርነውን ሽሮ ፍትፍት መኪና ውስጥ በላነው። ሽታው እስከ ኅዳር አልለቀቀም። ዘንድሮ እንዳልሳሳት እርዱኝ።

ዱከም ሰፈሬ፦
ጥፋቱ የቀኑ እንጂ የቢሾፍቱ አይደለም ወንድሜ። በኢሬቻ ሆራ አርሰዲ የሚወጣው ሕዝብ ስንት እንደሆነ እያወቅክ! ጥቅምት አጋማሽ ላይ ና፣ ባቦጋያ ሐይቅን ጸጥ ብሎ ታገኘዋለህ። ከቱሉ ዲምቱ ለአንተ ቅርብ ነው፣ በፍጥነት መንገዱ ከገባህ ልጆቹ "ደረስን ወይ" ሳይሉ ትደርሳለህ። ምግብ ስለማስገባት ግን ቀድመህ ደውለህ ጠይቅ።

የቡታጅራ መስመር ሹፌር፦
እኔ በዚያ መንገድ ስመላለስ ዓመታት ስለሆነኝ የማውቀውን ልንገርህ። ከተማ መሀል ሳትገባ በቃሊቲ በኩል ወደ ዓለም ገና ውጣ፣ ከዚያ የቡታጅራን መንገድ ያዝ። ወደ 50 ኪሎ ሜትር ላይ መልካ አዋሽ ነው። እዚያ መልካ ቁንጡሬ የሚባለው የጥንት ሰዎች ቦታ አለ፣ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዘገበው። ሙዚየሙ ጎጆ ጎጆ ነው፣ ትንሽ ናት ግን ልጆች ይወዷታል። ውስጡ ከባልጩት የተጠረበ የድንጋይ ቢላዋ አለ። የኔ ልጅ "ይሄ እኮ የተሰበረ ጠርሙስ ነው" ብሎ አስጎብኚውን አሳቀው።

ለእናትህ ደግሞ አዳዲ ማርያም አለችላቸው። ከዋናው አስፋልት ወደ ቀኝ በፒስታ ትገነጠላለህ። ከሩቅ ብታይ ምንም የለም፣ ሜዳ ነው። ጠጋ ስትል ጣሪያው ከመሬቱ እኩል ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ልክ እንደ ላሊበላዎቹ ከአለት ወደ ታች የተፈለፈለ ነው፣ ሰውም የቅዱስ ላሊበላ ሥራ ነው ይላል። ውስጡ ጨለም ይላል፣ ጫማ ሲወለቅ ድንጋዩ እግርን ያቀዘቅዛል። እናትህ ወፍራም ካልሲ ይያዙ፣ መውረጃው ላይም ክንዳቸውን ያዝ። ቪትዟን ቀስ ብለህ ንዳት፣ ከሥሯ ድንጋይ እንዳያገኛት። ጥቅምት ላይ ጭቃው ደርቆ ስለሚቆይ ታልፋለች። ብቻ በ21 አትሂድ፣ የማርያም ዕለት ስለሆነ ሰው ይበዛል።

ጊዜ ከተረፈህ ወደ ፊት ቀጥልና ጢያ ግባ። 36 ትክል ድንጋይ ነው፣ ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል። ልጆቹን ሰይፍ አስቆጥራቸው፣ አንተ ጥላ ፈልገህ ተኛ።

ሰበታ ነኝ፦
ሁሉም ድንጋይ ድንጋይ! ከክረምት የወጣ ልጅ ዛፍ ነው የሚያስፈልገው። መናገሻ ሱባ ደን ውሰዳቸው። የጽድ ዛፉ ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ የተጠበቀ ነው ይባላል፣ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ታያለህ፣ ዕድል ካለህ የምኒልክ ድኩላም አለ። ብርዱ ግን ቀልድ አይደለም፣ ሹራብ ያዙ። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው በከንቱ አይደለም፣ እናትህ ቢጾሙም። መንገዱ ለቪትዝ ይከብዳል፣ ያንን አልደብቅህም።

ሱሉልታ ላይ፦
ማንም ጭላዳውን አልመለሰለትም እኮ። ደብረ ሊባኖስ ሂዱ። እናትህ ገዳሙን ይሳለማሉ፣ የፖርቹጋል ድልድይ የሚሉት ጋ ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳው ሣር ሲነጭ ልጁ ያያል፣ ወደ ጀማ የሚወርደው ሸለቆ ደግሞ ለባለቤትህ ሐይቅ ባይሆንም አፍ ያስከፍታል። ትንሿን ልጅ ግን እጇን አትልቀቅ፣ አጥር የለውም። ከመነሳትህ በፊት የሰሞኑን መንገድ የሰላሌ ሹፌሮችን ጠይቅ።

ዱከም ሰፈሬ፦
ከቱሉ ዲምቱ ሱሉልታ ድረስ ከተማውን አቋርጦ፣ ከዚያ ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ? የ5 ዓመት ልጅና ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ይዞ? ተዉት እንጂ ሰውዬውን።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ ብሆን አድሬ አልመጣም። ባለፈው ዓመት ሁሉንም ለማስደሰት ብለን ወንጪ ሄደን፣ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሐይቁ በጣም ያምራል አልዋሽም፣ ልጆቹ ግን ከጉዞው የሚያስታውሱት ማስመለሳቸውን ነው። ሁለት ቀን ካለህ ሁለት የደርሶ መልስ ቀን አድርገው። አንዱን ቀን አዳዲ፣ ሌላውን ባቦጋያ። ማታ ማታ ሁሉም የራሱ አልጋ ላይ ይተኛል፣ አንተንም ጨምሮ። ጭላዳው ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ፣ ልጁም ያድጋል። አደይ አበባውን ማየት ከፈለጋችሁ ግን አትዘግዩ፣ ጥቅምት እየገፋ ሲሄድ ይረግፋል።

የቱሉ ዲምቱ አባወራ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የእህታችንን ሐሳብ ወስጃለሁ፣ ባለቤቴም ባቦጋያ ስትባል ዝም አለች፣ ያ ደግሞ እሺ ማለት ነው። ትልቁ ልጅ ለጊዜው አኩርፏል። ለእናቴ አዳዲ ማርያም እንደምንሄድ ስነግራት ዳቦ ቆሎ ማዘጋጀት ጀመረች። መቼ እንሂድ አልኳት። "በ21 ነዋ፣ በዕለቷ!" አለችኝ። ሹፌሩ ወንድሜ፣ መኪና የት ላቁም?